አቶ አበጋዝ የሞቱበት ልቦለድ

ዘሪሁን ጎሚስታ ነው። ከአሰላ ወደ ሳጉሬ በሚያወጣው መንገድ ዳር፣ ከዛኪር የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ጎን፣ ጎማ ይፈታል፣ ይለጥፋል፣ ይነፋል። የሠፈራችን ዕድር ጸሐፊም ነው። ሰው ሲሞት ማስታወቂያውን የሚጽፈው እሱ በመሆኑ፣ በሠፈራችን ዘሪሁን ያልጻፈለት ሟች የለም። ከሁለቱ ሥራ በምትተርፈው ሰዓት ደግሞ ልቦለድ ይጽፋል። ሚስቱ ዘመናይ፣ ባልሽ ምን ይሠራል ሲሏት የምትናገረው የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ብቻ ነው።

ልቦለዱ ቀላል ነው። ሶፊ የምትባል ሴት ከአባቷ ጋር ተኳርፋ ጢቾ ትኖራለች። አንድ ቀን ልጇን ታዝልና አሰላ በሚመጣ አውቶቡስ ትሳፈራለች። የአባቷን በር ልታንኳኳ ነው። ይክፈትላት፣ አይክፈትላት አይታወቅም። እኔ መስማት ከጀመርኩ አራተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፤ ሶፊ ገና አውቶቡስ ውስጥ ናት።

የምንሰማው እሑድ እሑድ ነው። ዘሪሁን ከቤተ ክርስቲያን መልስ ጎሚስታው ደጃፍ ካለው አግዳሚ ላይ ይቀመጥና በሳምንቱ የጻፈውን ያነብልናል። አንድ ገጽ ከሆነ ሳምንቱ ጥሩ ነበር ማለት ነው። አንዳንዴ አንዲት ዐረፍተ ነገር ብቻ ይዞ ይመጣል፤ ያኔም ተሰብስበን እናዳምጣለን። አድማጮቹ ሦስት ነን፤ አቶ አበጋዝ፣ ዛኪርና እኔ። ዛኪር እሑድ ሱቁን ስለማይዘጋ አንድ ጆሮውን ብቻ ነው የሚሰጠን።

«ዛሬስ ደረሰች?» ይላል ከውስጥ።

«ሳጉሬ ልትገባ ነው።»

«ባለፈውም ሳጉሬ ልትገባ ነበር።»

«ጭቃ ነው» ይላል ዘሪሁን።

ከሁላችን አጥብቀው የሚሰሙት አቶ አበጋዝ ናቸው። ዕድሜያቸውን በገብስ ንግድ የጨረሱ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። አንዲት ልጅ አለቻቸው፤ ፅጌረዳ ትባላለች። ቱፋ የሚባል የሳጉሬ ሰው ሊያገባት ሽማግሌ ቢልክ፣ አባትየው እምቢ ብለው መለሱ። ደግሞ ቢልክ፣ ደግመው መለሱ። ለሦስተኛው ሽማግሌ በሩንም አልከፈቱ። ፅጌረዳ ልብሷን ሸክፋ ሳጉሬ ገባች። ከዚያ ወዲህ ስምንት ዓመት አባትና ልጅ አልተያዩም። ሳጉሬ ደግሞ ሩቅ አገር አይደለም፤ ሰው በሚኒባስ ሄዶ ገበያ ውሎ ለመክሰስ ይመለሳል። ይህን ሠፈሩ በሙሉ ያውቃል። ስለዚህ ዘሪሁን ልቦለዱን ከየት እንዳመጣው የሚጠይቀው የለም። አቶ አበጋዝም አይጠይቁም። እሳቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«አባትየው ይከፍትላታል?»

«ገና ነው ጋሽ አበጋዝ። መጀመሪያ ትድረስ።»

ባለፈው ክረምት አቶ አበጋዝ ታመው ሆስፒታል ተኝተው ወጡ። ሲወጡ ካፖርታቸው ሰፍቷቸው ነበር። አግዳሚው ላይ ተቀመጡ፣ ዘሪሁን ያመጣውን ግማሽ ገጽ ሰሙ፣ ከዚያ «ዘሪሁን፣ ሳልሞት ጨርሰው» አሉት። ደንበኛ «ንፋስ ሙላልኝ» በሚልበት ድምፅ ነው ያሉት። ዘሪሁን ግን ያን ቀን ጎማ ሳይነካ ዋለ።

በዚያው ሳምንት አንድ ባጃጅ ጎማው ተንፍሶ ቆመ። ተሳፋሪዋ ኤልሮኢ ነበረች፤ ከዩኒቨርሲቲ ከወጣች ብዙም ያልቆየች፣ በቴሌግራም የጸሐፊዎች ቡድን የምትመራ ልጅ። ጎማው እስኪለጠፍ አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ወረቀት አንስታ አነበበች።

«ጋሼ፣ ይሄ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ስንት ጊዜ ፈጀብዎት?»

«ስድስት ዓመት። አላለቀም።»

ኤልሮኢ አዘነችለት። «እኛ በሠላሳ ቀን ነው የምንጨርሰው» አለችው።

ዘሪሁን መዶሻውን አስቀመጠ።

ደንቡን ነገረችው። በየቀኑ የሚሞላ የቃል ብዛት አለ። ቃሉን የሚቆጥረው ስልክ ነው፤ ስለዚህ የሚጻፈው ስልክ ላይ ነው። የጻፉትን መልሶ ማንበብ ክልክል ነው። ማረም ክልክል ነው። ስም ፍለጋ መቆም ክልክል ነው፤ አፍ ላይ የመጣውን ስም አስገብቶ መቀጠል፣ በኋላ ይቀየራል። ማታ ማታ ከዕለቱ ጽሑፍ አንድ አንቀጽ ቡድኑ ላይ ይለጠፋል። ከሚለጠፍበት ሰዓት በቀር ስልክ ጥሪ እንዳይቀበል ተደርጎ ይዘጋል።

«አንቺ ጨርሰሽ ታውቂያለሽ?» አልኳት እኔ።

«ሦስት ልቦለድ ጨርሻለሁ።»

«ሰው ምን አለሽ?»

«ገና አላነበብኳቸውም» አለች።

ዘሪሁን ይህንን አልሰማም። ሠላሳ ቀንን ከአቶ አበጋዝ ካፖርት ጋር እያስተያየ ነበር።

ሰኞ ጀመረ። አራት ዓመት የጠበቅናት ሶፊ ማክሰኞ አሰላ ገባች። ረቡዕ በሩን አንኳኳች። ሐሙስ ተከፈተላት። እሑድ ስንሰበሰብ ስልኩን ወደ ዓይኑ አስጠግቶ አነበበልን። አውቶቡሱ እንደዚያ ሲሮጥ ዛኪር እንኳን ከሱቁ ወጣ።

«ከፈተላት?» አሉ አቶ አበጋዝ።

«ከፈተላት።»

«ለምን?»

ዘሪሁን ስልኩን ወደ ላይ ገፋ፣ ወደ ታች ገፋ። «ለምን ማለት?»

«ያን ሁሉ ዘመን ያልከፈተ ሰው፣ ሐሙስ ዕለት በምን ምክንያት ከፈተ?»

«ጋሽ አበጋዝ፣ የሐሙሱ ቃል ገና አልሞላም ነበር። ለምክንያት ጊዜ አልነበረም።»

አቶ አበጋዝ ባርኔጣቸውን አደረጉና ሄዱ። በሚቀጥለው እሑድ አልመጡም። ዘሪሁን ነገሩ ቢከነክነውም፣ ወሩ ይለቅና ተመልሼ ምክንያቱን አስገባለታለሁ አለ። አሁን መመለስ ክልክል ነው።

ችግሩ ልቦለዱ ሐሙስ ማለቁ ነው፤ ወሩ ግን ገና ነው። ዘሪሁን ባዶ ጎተራ እንደሚጠርግ ሰው ቃል መልቀም ጀመረ። መጀመሪያ ሰላምታን አገኘ። አባትና ሶፊ ሰላም ተባባሉ፤ እንዴት ነሽ፣ ልጅሽ እንዴት ነው፣ ጢቾ እንዴት ነው፣ ዝናቡ እንዴት ነው። ከዚያ ጎረቤት መጣና ከሁለቱም ጋር እንደገና ሰላም ተባባለ። ሦስት ቀን ሰላምታ ብቻ ጻፈ። ከዚያ ሠርግ ደገሰ። ማን ማንን እንዳገባ ዛሬም አናውቅም፤ የተጠራው ሰው ግን በስሙ፣ በአባቱ ስምና በመጣበት ቀበሌ ተጠርቷል። አርቦዬ ከተማ ከነዙሪያዋ መጣች።

ቤቱም ሥራውም ተጎዳ። ዘመናይ «የምታወራው ሰው ካጣህ እኔ አለሁ» ብትለው፣ «ስንት ቃል ነው?» አላት። አንድ ቀን የዕለቱን ቃል ለመሙላት ሲጣደፍ የአንድ ባጃጅ ጎማ ብሎን ሳያጠብቅ ለቀቀው። ጎማው አደባባዩ ጋ ሲደርስ ባጃጁን ትቶ ብቻውን ሄደ። ሰው አልተጎዳም። ባለ ባጃጁ ጎማውን እያንከባለለ ተመለሰና «ይሄስ በስንት ቀን ያለቀ ነው?» አለው። ዘሪሁን ይቅርታ ጠየቀና ይቅርታውን ማታ ልቦለዱ ውስጥ አስገባው።

ሠርጉ ሲያልቅ ለቅሶ ቀረ። እዚህ ላይ ዘሪሁን እንደገና ሰው ሆነ። ለቅሶ የሱ ሞያ ነው። ድንኳኑን ማን እንደሚተክል፣ ወንበሩን ማን እንደሚያመጣ፣ የትኛው ዘመድ ከየት እንደሚመጣ ሳያስብ ይጽፋል። የሚሞት ሰው ብቻ ነው የጎደለው። አፍ ላይ የመጣውን ስም አስገብቶ መቀጠል ነው ደንቡ። አፉ ላይ ሁልጊዜ ያለው ስም አንድ ነው።

«ውድ የዕድራችን አባላት» ብሎ ጀመረ። «የዕድራችን አባልና የረጅም ጊዜ የገብስ ነጋዴ የሆኑት አቶ አበጋዝ፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው፣ ባደረባቸው ሕመም ምክንያት ከዚህ ዓለም በሞት ስለተለዩ፣ የቀብራቸው ሥነ ሥርዓት ነገ ከቀኑ በስድስት ሰዓት ይፈጸማል።» ከታችም እጁ እንደለመደው «ዘሪሁን፣ የዕድሩ ጸሐፊ» አለ። ያን ማታ ቡድኑ ላይ ለጠፈውና ስልኩን ዘጋ።

ኤልሮኢ በጣም ወደደችው። «የዕለቱ ምርጥ አንቀጽ» ብላ በፎቶ አድርጋ መልሳ ለጠፈችው፤ ፎቶው ላይ ግን ምርጥ አንቀጽ መሆኑ አልተጻፈም። ከቡድኑ አባላት አንዷ የሳጉሬ ልጅ ነበረች። ለእህቷ ላከችው። የእህትየው ጎረቤት ቱፋ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን የነገረኝ ራሱ ቱፋ ነው። መርዶ በስልክ አይነገርም፤ በማታም አይነገርም፤ ሽማግሌ ተሰብስቦ ንጋት ላይ ይነገራል። እስከዚያ የሐዘኑ ባለቤት መስማት የለበትም። ስለዚህ ቱፋ መጀመሪያ ያደረገው የፅጌረዳን ስልክ መደበቅ ነው። ከዚያ አጎቶቹን ጠራ። አጎቶቹም ነገሩ ይጣራ አሉ። የአቶ አበጋዝ ስልክ ተዘግቷል። አሰላ በዚያ ሰሞን መብራት ጠፍቶ ስለነበር ባትሪው ሞቶ ነው፤ ለሳጉሬዎች ግን የሞተው ሌላ ነው። የዕድሩ ጸሐፊ ዘሪሁን ጋ ተደወለ። ተዘግቷል። ድንኳን እያስተከለ ይሆናል ተባለ።

ቱፋ ከዛኪር መለዋወጫ ስለሚገዛ ቁጥሩ ነበረው። ደወለለት። ወሬውን አፍርጦ መጠየቅ ነውር ነው፤ ዙሪያውን ሄደ።

«ዛኪር፣ እንደምን አመሸህ። ሽማግሌው እንዴት ናቸው?»

ዛኪር ደነገጠ። ቱፋ በስምንት ዓመት ውስጥ ስለ ሽማግሌው ጠይቆ አያውቅም። «ደህና ናቸው» አለ። ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ምነው?» አለ።

ቱፋ ስልኩን ዘጋና ወደ አጎቶቹ ዞረ። «ደህና ናቸው አለኝ።»

አጎቶቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። መርዶ ያልተነገረለትን ሟች ደህና ነው የማይል ማን አለ? ትልቁ አጎት «ድምፁስ?» ብለው ጠየቁ። ዝቅ ብሏል አለ ቱፋ። «ዱጋዳ» አሉ ትልቁ አጎት በኦሮምኛ፤ እውነት ነው። ነገሩ በዚህ ተጣራ።

ንጋት ላይ ለፅጌረዳ ተነገራት። ሚኒባስ ተያዘ። የሳጉሬ ጎረቤቶች ንፍሮና ዳቦ ይዘው ተሳፈሩ። ፅጌረዳ መንገዱን በሙሉ እያለቀሰች መጣች። የአባቷ ደጅ ሲደርሱ ድንኳን የለም። ወንበር የለም። አንድ ሰው የለም። ይህን ስታይ ከበፊቱ የባሰ ጮኸች።

«አባዬን! ድንኳን እንኳን የሚጥልላቸው ሰው አጡ!»

የሳጉሬ ሴቶችም የአሰላን ዕድር እየተራገሙ አብረው ጮኹ። እኔ የወጣሁት በዚህ ጩኸት ነው። ዛኪር በፒጃማ ወጣ። ዘሪሁን የዕድሩን ድንኳን ማስቀመጫ ቁልፍ ይዞ እየሮጠ መጣና «ማን ነው የሞተው?» ብሎ ጠየቀኝ።

ያኔ በሩ ተከፈተ። አቶ አበጋዝ ጋቢ ደርበው፣ መፋቂያ በአፋቸው ይዘው ወጡ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ጩኸቱ ቆመ። ፅጌረዳ ፊቷን ቧጥጣዋለች፤ ድምፅ አልቀራትም። «እርስዎ» አለች።

አቶ አበጋዝ መፋቂያውን ከአፋቸው አወጡ። «መቼ?»

«ትናንት።»

አሰቡበት። ከዚያ ዓይናቸው ቱፋ ወዳቀፋት ሕፃን ሄደ። «ይቺ ማን ናት?»

«ሴና ናት» አለ ቱፋ።

አቶ አበጋዝ ልጅቷን ብዙ አዩዋት። የጭላሎ ተራራ በጉም ተሸፍኗል፤ ብርዱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። «ግቡ» አሉ። «ልጅቷን ብርድ ይመታታል።»

ዘሪሁን በር ላይ ቀረ። ቱፋ ሲያልፍ ስልኩን አውጥቶ አሳየው። ዘሪሁን ጽሑፉን እስከ ታች አነበበ። የራሱን ጽሑፍ ተመልሶ ሲያነብ በዚያ ወር የመጀመሪያው ነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባደረባቸው ሁለት ጊዜ ገብቷል» አለ።

የመጣው ንፍሮ ተበላ። ከሁሉም አብልጠው የበሉት ሟቹ ናቸው። ሴና ጉልበታቸው ላይ ሆና ከእጃቸው እየነጠቀች ነበር። ፅጌረዳ ግን አልቀመሰችም። ዘሪሁን ጥግ ላይ መቆሙን ስታይ ቀና አለች።

«ጋሼ ዘሪሁን፣ አሰላ ውስጥ ሌላ ስም ጠፋ?»

«ስም አልጠፋም ልጄ። ጊዜ ጠፋ።»

«እኔ ከሳጉሬ እዚህ ድረስ ሬሳ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው የመጣሁት። ይሄን በስንት ቀን ጻፍከው?»

ዘሪሁን በግማሽ ቀን ነው የጻፈው። ከዚያ በፊት ዘሪሁንን «እርስዎ» ነበር የምትለው፤ ያን ቀን «አንተ» ማለቷን ሁላችንም ሰማን፤ እሱም ሰማ።

ፅጌረዳ እንደ ለቅሶ ወግ እስከ ሠልስት አባቷ ቤት ቆየች። ከአባቷ ጋር ምን እንደተባባሉ አናውቅም። ሦስተኛው ቀን ላይ ከቤቱ የንትርክ ድምፅ ሰማንና ታረቁ ማለት ነው አልን፤ የተኳረፈ ሰው አይነታረክም።

ወሩ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው በዋለው እሑድ አቶ አበጋዝ አግዳሚው ላይ ተመልሰው ተቀመጡ። ዘሪሁን ስልኩንም ወረቀቱንም አልያዘም። ኤልሮኢ ልታደፋፍረው መጥታ ነበር።

«ጋሼ፣ ትንሽ ነው የቀረዎት። የቀብሩን ክፍል ብቻ ይጨርሱት፤ ለጨረሰ የሚሰጠው ሰርተፍኬት ይመጣል።»

«የኔን ቀብር ነው?» አሉ አቶ አበጋዝ።

ኤልሮኢ አላወቀቻቸውም። «አይ አባባ፣ የልቦለዱን ሰውዬ ነው።»

«እኔ ነኝ።»

ኤልሮኢ አየቻቸው። ዛኪር ከሱቁ ውስጥ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

«ልጄ፣ አንቺ በሠላሳ ቀንሽ ጻፊ፤ ወጣት ነሽ» አሏት አቶ አበጋዝ። «ይሄ ግን ለኔ የተያዘ ሥራ ነው።» ወደ ዘሪሁን ዞሩ። «ሳልሞት ጨርሰው ያልኩህ እኔ ነኝ። ግማሹ ጥፋት የኔ ነው። አሁን ቃሌን አንስቻለሁ። አንተ ስትቸኩል እኔ ሞትኩ። ቀስ በል።»

«ጋሽ አበጋዝ፣ ቀስ ስል መጨረሻውን ሳይሰሙት ቢቀሩስ?»

«ያኔ አትቸገር። ማስታወቂያው እንደሆነ ተጽፏል።»

ዘሪሁን ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም፤ ዓይኑን በጓንቱ ጠረገ። ጓንቱ ግሪስ ነበረው።

«አባትየው ለምን እንደከፈተ ልንገርህ» አሉ አቶ አበጋዝ ቆይተው። «ስምንት ዓመት ቁጭ ብዬ፣ ብትመጣ ልክፈትላት ወይስ አልክፈትላት እያልኩ ሳስብ ነበር። አንድም ቀን አልቆረጥኩም። ያን ጠዋት በሩን የከፈትኩት ለይቅርታ አይደለም። ሰው የሞተ መስሎኝ ነው። ለቅሶ ልደርስ ነው የከፈትኩት።»

«ከፍተው ራስዎን አገኙ» አለ ዛኪር።

«ዝም በል አንተ።»

«ልጻፈው?» አለ ዘሪሁን።

«ጻፈው። ግን ምን አስቸኮለህ፤ ሶፊ ገና ሳጉሬ አልገባችም።»

ዘሪሁን የወሩን ጽሑፍ በሙሉ፣ ሰላምታውንም ሠርጉንም፣ ከስልኩ አጠፋው። ከሳጉሬ ስልኮች ግን አልጠፋም፤ እስከ ዛሬ አልፎ አልፎ አቶ አበጋዝን የሚያጽናና ሰው ከዚያ ይደውላል። ኤልሮኢ አራተኛ ልቦለዷን ጨረሰች። እንድታነበው መክሬያታለሁ።

በሚቀጥለው እሑድ ፅጌረዳ አባቷን ጠይቃ ልትመለስ ሚኒባስ ትጠብቅ ነበር። ለዘሪሁን ሰላምታ አልሰጠችውም። ጀርባዋን ሰጥታን፣ ሴናን ይዛ፣ አግዳሚው አጠገብ ቆመች። ሚኒባሱ መጣ፤ ረዳቱ «ሳጉሬ! ሳጉሬ!» ብሎ ጠራ። በእጇ ሂድ አለችው። ሄደ።

ዘሪሁን ወረቀቱን ዘረጋ። ያመጣው አንዲት ዐረፍተ ነገር ነው። ጉሮሮውን ጠረገና አነበበ።

«ረዳቱ ጭቃው ውስጥ ወርዶ ከኋላ ጎማው ሥር ድንጋይ አደረገ።»

አቶ አበጋዝ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ጥሩ ነው» አሉ። «ወደኋላ እንዳትንሸራተት።»

«ዛሬስ ደረሰች?» አለ ዛኪር ከሱቁ ውስጥ።

ከኛ ማናችንም ሳንመልስ ፅጌረዳ ሳትዞር መለሰችለት።

«መንገድ ላይ ናት።»